ቤት ሻጭ ለገዢው ስለሚናገረው ቃል

አባታችን አብርሃም ሚስቱን ሣራን የሚቀብርበት ቦታ በፈለገ ጊዜ በኬብሮን ከኬጢ ልጆች ርስት ገዛ። ታሪኩ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 23 ተጽፏል። መጽሐፍ ስለ ብዙ ታላላቅ ነገሮች በአጭር ቃል ሲያልፍ ስለዚህ ግዢ ግን እየዘረዘረ ይነግረናል፤ ሻጩ ኤፍሮን መሆኑን፥ ዋጋው 400 ሰቅል ብር መሆኑን፥ ብሩ በነጋዴ ሚዛን መመዘኑን፥ ነገሩም የተፈጸመው በከተማው በር በሕዝብ ፊት መሆኑን እናነባለን። ይልቁንም የተሸጠው ነገር ምን እንደ ሆነ ሲነግረን እርሻውን፥ በእርሻው ውስጥ ያለውን ዋሻ፥ በወሰኑ ዙሪያ የበቀለውን ዛፍ እንኳ ሳይቀር ቈጥሮ ያስቀምጣል።

ኤፍሮን በመጀመሪያ ቦታውን ያለ ዋጋ እንደሚሰጥ ተናግሮ ነበር። አብርሃም ግን ይህን ለስላሳ ቃል ተቀብሎ ዝም አላለም። ዋጋው ይነገር፥ ብሩ ይመዘን፥ ወሰኑ ይታወቅ አለ እንጂ። እንደሚመስለን የእምነት አባት የሆነው አብርሃም ይህን ያደረገው ሰውን ባለማመኑ አይደለም፤ ዛሬ በመዋደድ የተነገረ ያልተለየ ቃል ነገ በልጆች መካከል ጠብ ሆኖ እንደሚነሣ ያውቅ ስለ ነበረ ነው። ነቢዩ ኤርምያስም ኢየሩሳሌም በጠላት ተከባ ሳለች የአጎቱን ልጅ እርሻ በ17 ሰቅል ብር በገዛ ጊዜ ውሉን ጽፎ፥ አትሞ፥ ምስክሮች አቁሞ፥ የታተመውንና የተከፈተውን ጽሕፈት በሸክላ ዕቃ አስቀምጦታል።

ይህን ሁሉ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ ዘመን በየአጥቢያው ካህናት የሚሰሙት ክርክር፥ ሽማግሌዎች የሚቀመጡበት ነገር፥ ዳኞችም የሚያዩት መዝገብ ብዙው በቤት ሽያጭ የሚነሣ ነው። ከክርክሩም ብዙው ሥሩ ሲፈለግ የሚገኘው ሻጭ በተናገረው ወይም ሊናገር ሲገባው በሸሸገው አንድ ቃል ላይ ነው።

አስቀድሞ ግን በአገራችን ዛሬ የሚሸጠው ምን እንደ ሆነ መረዳት ያስፈልጋል። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት እንዲሆን ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታ ከገበያ አወጣው፤ በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በ40ኛው አንቀጽ መሬት እንዳይሸጥና እንዳይለወጥ ደነገገ። እንግዲህ ቤት ሸጠ የምንለው ሰው የሚያስተላልፈው በቦታው ላይ የቆመውን ቤትና በቦታው የመጠቀም መብቱን ነው። ቤት በዐይን ይታያል፤ ግድግዳው ይዳሰሳል፥ ጣራው ይመረመራል። መብት ግን አይዳሰስም። ገዢ መብቱን የሚያየው በወረቀቱና በሻጩ አፍ ብቻ ነው። ስለዚህ የሻጭ ቃል ከቀድሞው ዘመን ይልቅ ዛሬ ይከብዳል።

ነገሩ ለኦሪት እንግዳ አይደለም። በዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 እንደ ተደነገገው እስራኤላዊ ለወንድሙ የሚሸጠው መሬቱን ለዘለዓለም አልነበረም፤ እስከ ኢዮቤልዩ ዓመት ድረስ የሚሰበሰበውን መከር ነበረ እንጂ። የቀሩት ዓመታት ብዙ ሲሆኑ ዋጋው ከፍ ይላል፥ ጥቂት ሲሆኑ ዝቅ ይላል። በዚያው ሥፍራ ወንድም ወንድሙን እንዳያታልል ትእዛዝ ተሰጥቷል፤ የዓመቱን ቍጥር ማሳሳት ዋጋውን መስረቅ ነውና። በእኛም አገር በ1986 ዓ.ም. የከተማ ቦታ በሊዝ መያዝ ከታወጀ ወዲህ ብዙ ቤት የቆመው ዘመኑ በተቈጠረና ክፍያው በየዓመቱ በሚፈጸም ቦታ ላይ ነው። ከሊዙ ዘመን ስንት እንደ ቀረ፥ ከሊዙ ዋጋስ ስንት እንዳልተከፈለ ሳይናገር የሚሸጥ ሰው ያንኑ በኦሪት የተከለከለውን ያደርጋል።

ሻጭ የሚያሳስትበት መንገድ አንድ ብቻ አይደለም። ከሁሉ የሚታወቀው ግልጽ ሐሰት ነው፤ ቤቱ በባንክ ተይዞ ሳለ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ ነው ይላል፥ ወራሾች ሦስት ሲሆኑ ብቻዬን ነኝ ይላል፥ ባለትዳር ሆኖ ሳለ ያላገባ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ይዞ ይቀርባል። ይህን ሰው ሕሊናውም ጎረቤቱም ስለሚወቅሱት ብዙ አንናገርበትም። የሚያስቸግረው ሁለተኛው ነው፤ እርሱም እውነት የሚመስል ግማሽ ቃል ነው። ይህን የሚናገሩት ብዙ ጊዜ ጨዋዎችና ጾመኞች ናቸው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአዲስ አበባ በአንድ አጥቢያ የሆነውን እንናገር። ከሽማግሌዎቹ እንደ አንዱ ሆነን ነገሩን በጆሯችን ሰምተነዋል፤ የባለጉዳዮቹን ስም መጥራት ግን አይገባም። አንዲት እኅታችን በቤይሩት በሰው ቤት 11 ዓመት አገልግላ ያጠራቀመችውን ገንዘብ ይዛ ወደ አገሯ ተመለሰች። በጽዋ ማኅበር የምታውቃቸው አንድ አረጋዊ ቤታቸውን እንደሚሸጡ ሰማችና ሄደች። ዋናው ቤት ጠባብና ያረጀ ነበር፤ በጓሮው ግን ሦስት ሰርቪስ ቤቶች ነበሩ። ልቧን የሳቧት እነዚህ ናቸው። ሦስቱን አከራይቶ በኪራዩ መኖርና ልጅን ማስተማር ይቻላል ብላ አሰበች። «ጋሼ፥ ግቢው እስከ የት ድረስ ነው?» ብላ ጠየቀቻቸው። እርሳቸውም «አጥሩን አታዪውም እንዴ ልጄ? እስከ አጥሩ ነው፤ ካርታም አለው» ብለው መለሱላት።

ካርታ በእርግጥ ነበረ። ነገር ግን ካርታው የያዘው 160 ካሬ ሜትር ሲሆን በአጥሩ ውስጥ የነበረው 215 ነው። ሦስቱ ሰርቪስ ቤቶች የቆሙት ከካርታው ውጪ በሆነው በትርፉ ላይ ነበር። ይህም ብቻ አይደለም፤ ከሽያጩ 8 ወር በፊት እንዲያፈርሱ ከወረዳው የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ለአረጋዊው ደርሷቸው በሣጥናቸው ተቀምጦ ነበር። ውሉ በውልና ማስረጃ ተመዘገበ፤ የንስሐ አባታቸው የሆኑት ቄስም ምስክር ሆነው ፈረሙ። በ15ኛው ወር አፍራሾች መጡና ሦስቱን ቤቶች በግማሽ ቀን ከመሬት ጋር እኩል አደረጓቸው።

በሽማግሌዎች ፊት በተቀመጥን ጊዜ አረጋዊው የተናገሩትን አንረሳውም። «እኔ ምን ዋሸሁ?» አሉ። «ካርታ አለው አልኩ፥ አለው። እስከ አጥሩ ነው አልኩ፥ አጥሩም ያው እዚያው ነበረ። ካርታውን በእጇ ሰጥቻታለሁ፤ አንብባው ቢሆን ኖሮ ታየው ነበር።» ሲናገሩም የቀለዱ አይመስሉም ነበር፤ በእውነት ንጹሕ ነኝ ብለው ያምኑ ነበር። እኅታችን ምንም አልመለሰችም። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ዝም አለች።

የአረጋዊውን ንግግር ቃል በቃል ብንመረምረው ሐሰት የሚባል አንድም ቃል አናገኝበትም። ቃል ግን ለብቻው አይቆምም፤ ለተጠየቀ ነገር የተሰጠ መልስ ነውና ከጥያቄው ጋር ይመዘናል። የጠየቀችው ስለ አጥሩ አልነበረም፤ የሚሸጥላት መብት እስከ የት እንደ ሆነ ነበር። እርሳቸውም ይህን ያውቁ ነበር፤ የወረዳው ደብዳቤ በሣጥናቸው ነበረና። እውነተኛ የሆኑ ሁለት ቃላትን አጋጥመው ሐሰት የሆነ ሐሳብ በልቧ ተከሉ። እባብም በገነት ሔዋንን ያሳተው ከእውነት ጋር በተቀላቀለ ቃል እንደ ነበረ ሊቃውንት ያስተምራሉ።

ስለዚህ ነገር ሕግ ምን ይላል? በአገራችን ለብዙ ዘመን ሲፈረድበት የኖረው ፍትሐ ነገሥት፥ ከ51ዱ አንቀጾቹ 22ቱ ስለ መንፈሳዊው 29ኙ ስለ ሥጋዊው ነገር የሚናገሩ ሲሆኑ፥ ስለ መሸጥና ስለ መግዛት በሚናገርበት ክፍል የዕቃን ነውር ነገር አንሥቶ ይወስናል። ከብት ሲሸጥ ነውሩን መናገር በየገበያው የቆየ ልማድ የሆነው ያለ ነገር አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግም ይህንኑ በአዲስ ሥርዓት አደላድሎ ጻፈው።

በዚህ ሕግ ቁጥር 1704 አንዱ ወገን በተንኮል ሥራ ሌላውን አሳስቶት እንደ ሆነ፥ ባይታለልም ኖሮ ውሉን የማይዋዋል እንደ ሆነ፥ የተታለለው ውሉ እንዲፈርስለት ሊጠይቅ ይችላል። የሚጠይቀውም የተታለለው ብቻ ነው፤ አታላዩ የራሱን ተንኮል ምክንያት አድርጎ ውል ማፍረስ አይችልም። ቁጥር 1705 ደግሞ በተዋዋዮቹ መካከል ልዩ መተማመን የሚያስገኝ ግንኙነት ሲኖር በክፉ ልብ ወይም በቸልተኝነት የተነገረ ሐሰተኛ ቃል እንኳ ውሉን ለማፍረስ ምክንያት እንዲሆን ያደርጋል። በአንድ ጽዋ ማኅበር አብሮ መቀመጥ እንዲህ ያለ መተማመን ነው ወይስ አይደለም? ይህ ዳኛ መርምሮ የሚወስነው ነው። እኛ ግን ማንም በመሐላ ቢጠይቀን ነው እንላለን፤ ያች ሴት ካርታውን ያላነበበችው ሰውየውን በማኅበሩ ስላወቀቻቸው ነበርና።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ይገባል። ሻጭ ዕቃውን ማመስገኑ ሁሉ ተንኮል አይባልም። ሰፈሩ መልካም ነው፥ ጎረቤቱ ደግ ነው፥ ከዚህ የተሻለ አታገኙም ማለት የገበያ ወግ ነው፤ ገዢም እንዲህ ያለውን ቃል እንደ ማስረጃ አይቀበለውም። ሕግ የሚይዘው ሊመረመርና ሐሰት ሆኖ ሊገኝ የሚችለውን፥ ገዢውንም ለመግዛት ያስወሰነውን ነገር ነው። ወሰኑ፥ ዕዳው፥ እገዳው፥ የባለመብቶቹ ቍጥር፥ የቀረው የሊዝ ዘመን ከዚህ ወገን ናቸው።

ደላላውስ? በብዙ ሽያጭ የሚዋሸው ሻጩ ሳይሆን ደላላው ነው፤ ሻጩም ዝም ብሎ ይሰማል። ሕጉ ይህንን አልዘነጋውም። ተንኮሉ የሌላ ሰው ቢሆንም ሻጩ ያን አውቆ ወይም ማወቅ ሲገባው በተንኮሉ ከተጠቀመ ውሉ ሊፈርስ ይችላል። «እኔ አልተናገርኩም፥ እርሱ ነው» ማለት አያድንም።

ብዙ ሰዎች በየውላቸው ግርጌ የሚጽፉት ቁጥር አለ፤ ይኸውም ውሉ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731 መሠረት የጸና ነው የሚለው ነው። አረጋዊውም ይህን ቁጥር በሽማግሌ ፊት ጠቅሰው ነበር። በእርግጥ ውል ለተዋዋዮቹ እንደ ሕግ ሆኖ ያስራቸዋል። ነገር ግን እንዲህ የሚያስረው በሕግ አግባብ የተመሠረተ ውል ነው፤ በማታለል የተገኘ ፈቃድ ግን ሙሉ ፈቃድ አይደለም። እንደዚሁም ሻጭ ለሚገኘው ጕድለት ኃላፊ አይደለሁም የሚል ቃል በውሉ ቢያስገባ፥ ጕድለቱን አውቆ የሸሸገ እንደ ሆነ ይህ ቃል አይጠቅመውም።

ውሉ ሲፈርስ ተዋዋዮቹ በተቻለ መጠን ወደ ቀድሞ ሁኔታቸው ይመለሳሉ፤ ቤቱ ለሻጭ ገንዘቡ ለገዢ ይሆናል ማለት ነው። የማፍረሱ ጥያቄ ግን ዘመን አለው። በቁጥር 1810 እንደ ተደነገገው ምክንያቱ ከተወገደ፥ ይኸውም ተንኮሉ ከታወቀ፥ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ሽማግሌዎች ይህን ልብ ማለት ይገባናል። በዛሬ ነገና በበዓል ምክንያት ሽምግልናው ሲንዛዛ የተበደለው ሰው ወደ ዳኛ የሚሄድበት ቀን ያልፍበታል፤ ያን ጊዜ ያስታረቅን እየመሰለን በደለኛውን ረዳነው ማለት ነው። ማታለሉ የከፋ ሲሆን ነገሩ ከፍትሐ ብሔር አልፎ ወደ ወንጀል ይሄዳል፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በቁጥር 692 አታላይነትን እንደ ነገሩ ክብደት በቀላል እስራት ወይም እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራትና በመቀጮ ይቀጣል።

ስለ ትዳር ጥቂት እንጨምር። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ በሚሠራበት በ1992 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕግ መሠረት የጋራ የሆነውን ቤት አንዱ ተጋቢ ያለ ሌላው ፈቃድ ሊሸጠው አይችልም። ያልተስማማው ተጋቢ ሽያጩን ባወቀ በ6 ወር፥ ባያውቅም ሽያጩ ከተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ ውሉ እንዲፈርስ ለፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። ሚስቱን ደብቆ የሚሸጥ ሰው እንግዲህ ሁለት ሴቶችን ያስለቅሳል፤ ሚስቱንና የገዢውን ሚስት።

አሁን ደግሞ ሻጭና ገዢ ተስማምተው ስለሚናገሩት ሐሰት እንናገር። ቤቱ በእውነት የተሸጠበት ዋጋ ሌላ፥ በመዝገብ የሚጻፈው ዋጋ ሌላ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ይህም ለመንግሥት የሚከፈለው ግብር እንዲያንስ ነው። ይህን የሚያደርጉ ሰዎች ማንን በደልን ይላሉ፤ ሁሉ ያደርገዋልና። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 5 የተጻፈው የሐናንያና የሰጲራ ታሪክ ግን ከዚህ ጋር እጅግ ይመሳሰላል። እነርሱም ርስት ሸጠው ከዋጋው አስቀርተው ያመጡትን ሙሉው ነው አሉ። ቅዱስ ጴጥሮስ የወቀሳቸው ገንዘቡን ስለምን አስቀራችሁ ብሎ አይደለም፤ ሳይሸጡት የእነርሱ፥ ከሸጡትም በኋላ በሥልጣናቸው እንደ ነበረ ራሱ መስክሮላቸዋል። የወቀሳቸው ስለ ሐሰቱ ነው። ሚስቲቱን ከሦስት ሰዓት ያህል በኋላ በመጣች ጊዜ የጠየቃትም አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መሬቱን የሸጣችሁት በዚህ ዋጋ ነውን ብሎ ስለ ዋጋው ጠየቃት።

በምድራዊው ሕግም ቢሆን ይህ ሐሰት ተመልሶ ተናጋሪውን ይነክሰዋል። በጽሑፍ የተመለከተው ቃል በተፈራረሙት ሰዎች መካከል የታመነ ማስረጃ ነው። ውሉ በአንድ ምክንያት የፈረሰ እንደ ሆነ ገዢው በመዝገብ የተጻፈውን ትንሹን ዋጋ ብቻ ሊያገኝ፥ የቀረውን ግን በምን እንደሚያስረዳ ሊጨንቀው ይችላል። በሐሰቱ የተጠቀመው እርሱም ነበርና በዳኛ ፊት አፉን ሞልቶ አይናገርም። ያች እኅታችንም ወደ ፍርድ ቤት ለመሄድ ያመነታችው አንዱ በዚህ ምክንያት ነበር፤ በደላላው ምክር የውሉ ዋጋ ተቀንሶ ተጽፎ ነበር።

ካህናት ወንድሞቻችን በዚህ ነገር በሁለት ወገን ይገባሉ። በመጀመሪያ ምስክር ሆነው ይፈርማሉ። ገዢ የካህኑን ስም በውሉ ላይ ሲያይ ነገሩ የተመረመረ ይመስለዋል። ውልና ማስረጃ የሚመረምረው የተዋዋዮቹን ማንነት፥ ችሎታቸውንና ሰነዳቸውን ነው፤ ወጥቶ አጥሩን አይለካም። ካህኑም ካልለካው ማን ይለካዋል? ካርታውንና ግቢውን አስተያይቶ ከመፈረም የሚከለክል ምንም ሥርዓት የለም።

ሁለተኛው ከዚህ ይከብዳል፤ ሻጩ ለንስሐ የመጣ ጊዜ ነው። ሕግ ለተበደለው 2 ዓመት ይሰጠዋል፤ ንስሐ ግን ዘመን የለውም። ኦሪት በዘሌዋውያን ምዕራፍ 6 ባልንጀራውን ያታለለ ሰው የወሰደውን ሙሉውን መልሶ አምስተኛውን እጅ እንዲጨምር፥ ይህንንም መሥዋዕቱን በሚያቀርብበት ቀን ለባለቤቱ እንዲሰጥ ታዝዛለች። ዘኬዎስም ለበደለው ሰው አራት እጥፍ እንደሚመልስ ተናገረ። ገንዘቡን በኪሱ ይዞ ጾምና ስግደት ብቻ የሚቀበል ሻጭ የተበደለችውን ሴት ገንዘብ አልመለሰም። የንስሐ አባትም ይህን እያወቀ ዝም ቢል ስለ ዝምታው የሚጠየቅበት ቀን አለ።

በዚያ አጥቢያ የሆነውም ይኸው ነው። በሽምግልናው ሦስተኛ ቀን ምስክር የነበሩት ቄስ ተነሡና «በዚህ ወረቀት ላይ የእኔም እጅ አለበት፤ አጥሩን አይቼ ካርታውን ሳላይ ፈርሜአለሁ» ብለው በሁላችን ፊት ተናገሩ። ከዚያም ወደ አረጋዊው ዞረው «ጋሼ፥ የወረዳው ደብዳቤ በሣጥንዎ እንዳለ እርስዎም ያውቃሉ፥ እግዚአብሔርም ያውቃል። እኛም ዛሬ ዐውቀናል» አሏቸው። አረጋዊው ብዙ ሰዓት ዝም አሉ። በመጨረሻም አንድ ግንበኛ ሦስቱን ቤቶች ገመተ፥ ግምቱም ለእኅታችን በሁለት ጊዜ ተከፈላት። ቤቱን አልመለሰችም፤ ዋናውን ቤት አድሳ እስከ ዛሬ ትኖርበታለች፥ አንዱንም ክፍል አከራይታለች። ቄሱ ከዚያ ወዲህ ለምስክርነት ሲጠሩ የሜትር ገመድ ይዘው ይሄዳሉ፤ አንዳንድ ደላላ ይስቅባቸዋል፥ አንዳንዱም ሌላ ምስክር ይፈልጋል።

አምስተኛው እጅ ግን አልተከፈለም። አረጋዊው ሽማግሌ የፈረደውን ጨርሻለሁ ይላሉ። ቄሱም በየዐቢይ ጾሙ መግቢያ ይጠይቋቸዋል።